ባንኮክን ላሳይሽ

«ይኸው እታለም፣ ወርቅ የተለበጠው ቤተ መቅደስ። ደሞ ወንዙን እዪልኝ» አለ ፋኑኤል፣ የስልኩን ካሜራ ከመኪናው መስኮት ለጥፎ።

እዚያ ረፋድ ነው። ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ግን ሊመሽ ነው፤ የኔነሽ ከሥራ ወጥታ መኪናዋን ሳታስነሳ ነው ስልኩን ያነሳችው። ታናሽ ወንድሟ ባንኮክ መግባቱን መስማቷ ገና አሁን ነው። ሥራ እንሰጥሃለን ያሉት ሰዎች በቱሪስት ቪዛ አስገብተውታል፤ ዛሬ ከተማውን ያስጎበኙታል፣ ነገ ቢሮ ያስገቡታል። ቲኬቱንም ሆቴሉንም የቻሉት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይቶ አያውቅም።

የኔነሽ ክው አለች። የሥራ ባልደረባዋ የሰኪና ወንድም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። እሱንም መጀመሪያ አስጎበኙት። ከዚያ ድንበር አሻግረው ግቢ ቆለፉበት፤ እየደበደቡ በኢንተርኔት ሰው ያስጭበረብሩታል። እስከ ዛሬ አልወጣም።

«ፓስፖርትህስ?»

«ለሆቴሉ ብለው ወስደውታል።»

ካሜራውን ወደ መኪናው ውስጥ ሲያዞረው፣ የሾፌሩ ዓይን በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ ቀና ሲል አየችው። አማርኛ አይሰማም፤ «ፓስፖርት»ን ግን ሰምቷል። የፋኑኤል ስልክ ደግሞ ተበላሽቶ ያለ ስፒከር አይናገርም። እሷ ብትሆን ሲያትል ከርማ፣ «ኮል አድርጊልኝ»፣ «ፓርክ ላድርግ» ሳትል አንድ ዓረፍተ ነገር የማትጨርስ ሴት ናት። እናቷ ይስቁባታል። ዛሬ ግን ሾፌሩ እንግሊዝኛውን ከለየ ይኸው አመሏ ወንድሟን ሊያስበላው ነው።

አማርኛዋን እየመረጠች፣ ድምጿን እያሳመረች ጀመረች። «ፋኑዬ፣ እየሳቅህ ስማኝ። ሰዎቹ ሌቦች ናቸው። መብራት ሲይዛችሁ በሩን ከፍተህ ውረድና ሕዝቡ መሃል ግባ።»

ፋኑኤል የምር ሳቀ። አሜሪካ ስትኖሪ ፈሪ ሆነሻል አላት።

«እማዬ ትሙት» አለችው።

ሳቁ ተቋረጠ። እናታቸውን በከንቱ እንደማትጠራ ያውቃል።

መኪናው ቆመ። ጃንጥላ የያዙ ጎብኚዎች መንገዱን እየተሻገሩ ነው። እጁ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሲሄድ በስክሪኑ አየች፤ በሆዷ አምላኳን አመሰገነች።

«ከወረድኩ በኋላ ወዴት ልሂድ?» አለ በሹክሹክታ።

«ፖሊስ ጋ» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ፋኑኤል መያዣውን ሳበ፤ ደግሞ ሳበ። ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው መስኮቱን መደብደብ ጀመረ። ከመስኮቱ ማዶ አንዲት አሮጊት ጎብኚ ዞር ብላ አየችው፤ ፈገግ አለችና እጇን አውለበለበችለት።