ከቀለሙ ስር

ሚኒባሱ ዳገቱን ሳይጨርስ ሞተሩ ፈልቶ ቆመ። "አዲስ ራዲያተር አስገጠምኩ ብለህ ስትኩራራ አልነበር?" አሉት አንዲት አሮጊት ደንበኛው፣ በሩን ይዘው እየወረዱ። ሹፌሩ ከጋቢናው ወረደ። ሰፊውን ራዲያተር መርጦ የገዛው ራሱ ነበር፤ የገጠመለት ግን መካኒኩ ታናሽ ወንድሙ ነው። ኮፈን ከፍቶ የወንድምን ሥራ መፈተሽ ነውር መስሎት እስከዛሬ አላየውም።

አሁን ከፈተው። እንፋሎቱ ጋብ ሲል ጥቁሩ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ አየው። በጨርቅ ጠረግ ሲያደርገው ከስሩ ሽንብራ የሚያክል የብየዳ ጠባሳ ብቅ አለ። ያው አሮጌው ራዲያተር ነበር። ነፍሱን ይማረውና አባታቸው ያንን ቀዳዳ ሲበይድ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ግራና ቀኝ ይዘውለት ነበር። ጣቱን ጠባሳው ላይ አሳረፈ፤ ቢያቃጥለውም አላነሳም።

በሌላው እጁ የያዘው ስልክ ጠራ። ወንድሙ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዴት ነው አዲሱ? ዳገቱን ቻለው?"

ሹፌሩ ጣቱን ከጠባሳው ላይ አነሳ።

"አባባ እንደበየደው ነው" አለው።