ወደ ግራ ስትታጠፍ የምትጮኸው መኪና

"ልጄ፣ ይህን ክላክስ ዝም ካላሰኘሽልኝ መኪናዋን እዚሁ ትቼልሽ በእግሬ ነው የምሄደው..."

የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ከመኪናዋ ኮፈን ሥር ቀና ብላ አየችው።

ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራ ጡረተኛ ነው። ሥራው መጽሐፍ ማዋስና ሰው ዝም ማሰኘት ነበር። ሰፈሩ "ጋሽ ጸጥታ" ይለዋል። ሳል እንኳ ሲመጣበት ውጭ ወጥቶ የሚስል ሰው ነው...

ጡረታ ሲወጣ ታዲያ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲመኛት የኖረችውን መኪና ገዛ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ አሮጌ ስፖርት መኪና።

ልጆቹ ሳቁበት። እሱ ግን ሞተሯን ባስነሳ ቁጥር ሃያ ዓመቱ ነው።

አንድ ዐመል ብቻ አለባት...

ወደ ግራ ስትታጠፍ ትጮኻለች። ማንም ሳይነካት።

ጠዋት ጠዋት ባለቤቱን ወደ ልብስ ስፌት ሱቋ ያደርሳታል። በመንገዳቸው ላይ ወደ ግራ የሚታጠፉበት አንድ ጥግ አለ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ፎቅ ቤት። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ሲደርሱ መኪናዋ ታምባርቃለች።

ወዲያው የፎቁ መስኮት ላይ አንድ ሽማግሌ ጡጫውን ጨብጦ ወደ ላይ ያነሳል።

ጋሽ ጸጥታ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ይቀብራል። ባለቤቱ ወጥተህ ይቅርታ ጠይቀው ብትለውም፣ ያንን ጡጫ ቀርቦ ለማየት ወኔው አልነበረውም...

ሌላ ጋራዥ ሄዶ ነበር። የክላክሱን ገመድ እንንቀለውና ተገላገል አሉት። ክላክስ በሌለው መኪና ሰው ልገጭ ነው ወይ ብሎ ተመለሰ።

ይህችኛዋ ኤሌክትሪሺያን ግን መሪውን ፈትታ፣ በባትሪ እያበራች ውስጡን ትመረምር ጀመር። ወደ ቀኝ አዞረችው... ዝም። ወደ ግራ አዞረችው... ጩኸት።

ወደ ክላክሱ የሚሄደው ሽቦ ልባሱ አልቋል። መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ራቁቱን የቀረው ሽቦ ከብረቱ ጋር ይነካካል፤ መኪናዋም ሰው ክላክሱን የተጫነ ይመስላታል።

ሽቦውን በአዲስ ቀየረችው። ጋሽ ጸጥታ መሪውን አራት ጊዜ ወደ ግራ አዞረ። ዝም... ግንባሯን ሊስማት ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ያንን ጥግ እንደ ድመት አለፈው። በሁለተኛውም ቀን። ወደ መስኮቱ ቀና ብሎም አላየ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሴት መሀል መንገድ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችበት። ፍሬን ያዘ። "አለቀልኝ" አላት ለባለቤቱ...

ወጣቷ ወደ መኪናዋ መስኮት ጎንበስ አለች።

"ጋሼ... አባቴን ሰላም ማለት ለምን ተዉ?"

ነገሩ እንዲህ ነው።

አባቷ ሠላሳ ሁለት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶብስ ነድቷል። አምና ድንገት ሕመም ጣለው፤ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ማየት ጠላ። እጁን እንዲያንቀሳቅስ ሐኪሙ ቢለምን፣ ልጁ ብትለምን... ወይ ፍንክች። ጠያቂውም እያደር ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ከመስኮቱ ሥር ክላክስ ተሰማ።

ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲተላለፉ በክላክስ ነው ሰላም የሚባባሉት። አባቷ ዞር አለ... ያ እምቢ ያለው ቀኝ እጁም ከጉልበቱ ላይ ተነሳ።

ጣቶቹ ስላልተዘረጉለት እንደተጨበጡ ነበር ያነሳቸው።

ጋሽ ጸጥታ ስድብ ነው ያለው ያ ጡጫ... ሰላምታ ነበር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። አሁን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ቢጠብቅ ድምፅ የለም...



ጋሽ ጸጥታ ባለቤቱን አድርሶ በቀጥታ ጋራዡ ሄደና ብልሽቱን እንድትመልስለት ኤሌክትሪሺያኗን ለመናት። እሷም ታሪኩን ስትሰማ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

"ብልሽት መልሼ አልገጥምም" አለችው። "ጣት አለዎት አይደል? ይጫኑታ።"

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው እንኳ ጮክ ብሎ ጠርቶ የማያውቀው ሰው በገዛ ጣቱ ተጫነው። ለረጅም ጊዜ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው...

የሽማግሌው እጅ መስኮቱ ላይ ተነሳ።

ሆኖም ኅሊናው አላስቀመጠውም። ባልሠራው ደግነት መመስገን ከበደው። ቅዳሜ ዕለት ፎቁን ወጣና አንድ ሳያስቀር ተናዘዘ... ሽቦውንም፣ ፍርሃቱንም።

የሽማግሌው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎት ደነገጠ። ለካ እየሳቀ ነው።

"ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ የሚጮኽ ክላክስ..." አለ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ፤ "የመሪ ሽቦ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ እጅህን ለምን ታነሳ ነበር?"

"ቀን ሳያዛንፍ በደጄ የሚያልፍ... ያንተ ብልሽት ብቻ ነበራ።"

ያን ዕለት ጋሽ ጸጥታና ልጅቷ ሽማግሌውን ደግፈው አወረዱትና ቀይዋ መኪና ውስጥ አስቀመጡት። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሩ። መንዳቱ የጋሽ ጸጥታ፣ ክላክሱ የቀድሞው ሹፌር ሆነ። ሕፃን አዋቂው እየወጣ አጨበጨበላቸው...

ወዳጆቼ...

ሳናስበው የምናሰማት ትንሽ ድምፅ አንድን ሰው ከአልጋው ልታስነሳ ትችላለች። ግን ሰላምታችንን ለብልሽት አንተወው። ጣት አለን... እንጫነው።

የእናንተ ድምፅ ከጠፋበት የቆየው ሰው ማነው? አባት፣ አክስት፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ?

መጀመሪያ ደውሉለት... ከዚያ ምን እንዳላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።