ሰም ውስጥ ያለው ሥጋ

ናጂያ በዓረብ አገር፣ ማርካ በሚባል ሰፈር ባለው ላቦራቶሪ ከበሽተኛ የተወሰደ ሥጋ ሰም ውስጥ ታስገባለች፣ በስሱ ትቆርጣለች፣ ቀለም ውስጥ ትነክራለች። ዛሬ የያዘችው ዴር ግባር በሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ ከሆነችው ከጽናት መንጋጋ የተወሰደ የዕጢ ቁራጭ ነው። ትናንት በቀለም ሲታይ ካንሰር ያልሆነ፣ እምብዛም የማይገኝ የዕጢ ዓይነት ይመስል ነበር። ውጤቱን የሚያጸድቀው ዶክተር ሀሩን ግን የውስጡን ሳላይ ካንሰር አይደለም ብዬ አልፈርምም አለ። ካልፈረመ ነገ ግማሽ መንጋጋዋ ተቆርጦ ይወጣል።

ጽናት ከማዳሟ ወጥ ቤት ደወለች።

"ናጅዬ፣ ውጤቴ ደረሰ?"

ናጂያ ስልኩን አጠገቧ አስቀምጣ የጽናትን ሥጋ የያዘውን የመቁረጫ ማሽን እጀታ አዞረች። ጽናት ጮኸች።

"ምን ሆንሽ?"

"መንጋጋዬን በምላጭ የሰነጠቁኝ መሰለኝ!"

ናጂያ የሌላ በሽተኛ ሥጋ አስገብታ ቆረጠች። ከስልኩ ምንም አልተሰማም። የጽናትን መልሳ ቆረጠች። ጩኸቱ ከሳህን ስብራት ጋር መጣ። ገና ቀለም ያልነካው ቁራጭ ቁራጮች የሚዘረጉበት ለብ ያለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይደማል።

"ስትቆርጪ ነው አይደል?" አለች ጽናት እያቃሰተች። "ብዙ ቀረሽ?"

"ውስጡ ገና አልደረስኩም፣ እህቴ።"

"ቆይ፣ ፎጣ ልንከስ። ማዳም ሳትመጣ ጨርሺው።"

ናጂያ እጀታውን ያዘች።