ምስር እየለቀመች ያለቀሰች አክስት

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ ሁሉም እውነት ነው። መጽሐፉን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አሳትሞ፣ ራሱ ተሸክሞ የሚያዞር አንድ ደራሲ ስድስተኛ ልቦለዱን እንደ ልማዱ ለአክስቱ ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር። ትከሻው ዝሏል። ዛሬም ካዛጋችበት ሁለተኛ ብዕር ላይነካ ምሎ ነው የመጣው።

አክስቱ ከምስሯ ቀና ሳትል፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺ ያንተ ሴትዮ መቼ ነው የምትሞተው? ሦስት ምዕራፍ ሙሉ አጣጣረች እኮ!» አለችው።

በደከመ ድምፅ የመጨረሻውን ገጽ አነበበ። ሴትዮዋ ሞተች። ቀና ሲል በአክስቱ ጉንጭ ላይ እንባ ይወርዳል። አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ፣ «ምን ታፈጣለህ? ሌላ ጻፍ እንጂ!» አለችው። ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።

እሺ፣ ምላሴን ተዉልኝ፤ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ምስር አልነበረም፤ ሽንኩርት ነበር። እሱም ያውቃል። ሰባተኛውን ግን ጀምሯል።