ቤት ሲደርስ እምቢ የሚል ኮምፒውተር

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ያለችው የመኳንንት ኮምፒውተር መጠገኛ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ማስነጠስ ሲያምረው ወደ ውጭ ይወጣል። ደግነቱ ደንበኛ የለም። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ከቀረ ወዲህ መኳንንትን በስሙ የሚጠራው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።

እና ወይዘሮ ጤናዬ።

ጤናዬ በየሳምንቱ ኮምፒውተሯን በነጠላ ጠቅልላ፣ ታክሲ ውስጥ ታቅፋ፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር ትመጣለች። አንድ ቀን ረዳቱ፣ "እናቴ፣ ሕፃኑን ፊቱን ግለጡለት፣ ይታፈናል!" ብሏታል ይባላል።

ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም አግብተው ከወጡ ወዲህ የምትኖረው በጥልፍ ማሽኗ ነው። ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም ደግሞ ከአሮጌው ዊንዶውስ በቀር ከማንም ጋር አይስማማም። አዲሱ ከተጫነበት፣ ማሽኑን አይቼውም አላውቅ ብሎ ይክዳል።

"ዛሬም እምቢ አለ?" አለ መኳንንት በርጩማውን እየጠረገላት።

"እዚህ ሲከፈት በዓይኔ አይቼ! ቤት ስደርስ መልኩ ሁሉ ይለወጥብኛል። ጋሽ መኳንንት፣ የመዘምራኑን ልብስ ለእሁድ ካላደረስኩ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል። ሌላ ሥራ ደግሞ የለኝም።"

"አሮጌውን እንደገና እንጭነዋለን። እስከዚያ ሻይ ይጠጡ።"

ሻይ መጣ፤ ተደገመ። ስለ ልጆቿ አወራችው፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያዋ አወራችው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ኖኅ መርከቡን ሠርቶ ቀለም ይቀባው ነበር። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ተከፈተ።

"ጌታ ይባረክ!" አለች ጤናዬ።

"አቧራውን ላራግፍለትና ማምሻውን ይውሰዱት።"

እሷ ስትወጣ፣ ከጎን ልብስ የምትሸጠው አልፊያ አንገቷን አስገባች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ የዋህ ነዎት! እዚህ የሠራ ነገር ቤት ሲደርስ በምን ይበላሻል? ራሷ ናት የምትነካካው። ብቻዋን ሆና ሰው ናፍቋት ነው።"

"ተይ፣ አልፊያ።"

"ወላሂ! ፊት ለፊት ይንገሯት እንጂ።"

"ብቸኛ ሰው አይወቀስም" አለ መኳንንት።

አልፊያ ለጤናዬ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ሱቋ ተመለሰች።

መኳንንት በሩን ገርበብ አደረገ። የሚሠራውን አሮጌ ዊንዶውስ እንደ ወትሮው አጠፋና አዲሱን ጫነበት።