ያልደረስኩት ለቅሶ

የአዛውንቱን ግራ ጉንጭ ላጭቼ ወደ ቀኙ ስዞር፣ «እትዬስ እንዴት ናቸው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

አጠገቤ ሌላ ደንበኛ ይዞ የነበረው ታናሽ ወንድሜ መቀሱን ገታ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ደህና ናት» አሉኝ አዛውንቱ፣ በመስታወቱ ዓይኔን ሳያዩ። «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያን ቀን ወደ ፀጉር ቤቴ ከተመለስኩ ገና አምስተኛ ቀኔ ነበር። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ወር ተኝቼ ከርሜያለሁ። እግሬ አልተሰበረም፣ ደሜ አልፈሰሰም፤ ግን ተነስቶ ፊት መታጠብ ተራራ ሆኖብኝ ነበር። ኋላ መድኃኒቱ ሠራልኝ፤ እህል ቀመስኩ፣ እንቅልፍም መጣ። ሐኪሟ ሕመሙ እንደለቀቀኝ፣ አሁን የሚቀረኝ ወደ ሰው መመለስ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። «ብቻ» ነው ያለችው።

እጄ ሥራውን አልረሳም። የጠፋብኝ ጨዋታው ነው። ድሮ ደንበኞቼ «ሬዲዮ» ነበር የሚሉኝ፣ መዝጊያ የለውም እያሉ። በተመለስኩበት ቀን አንዱ፣ ሬዲዮናችን ባትሪ አልቆበት ነው የከረመው ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔ የሳቅሁት ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እቤቴ እንደ ተማሪ ጥያቄ ማጥናት ጀመርኩ፤ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ባለቤትህስ። ያን ቀን ሳልደናቀፍ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ፣ ስለ ባለቤታቸው ስለ እትዬ የጠየቅኩት ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤቱ ግን ጭጭ አለ። ያን ዓይነቱን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሰዎች በሽተኛ ፊት የሚዋዋሉት ዝምታ ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ከጨርቁ ሥር ብቅ ያለው የአዛውንቱ አንገትጌ ተጨማዷል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሳይተኮስ አይቼው አላውቅም። ምላጩን ከፊታቸው አነሳሁ።

«መቼ ነው?» አልኩ።

ወንድሜ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ትንሽ አረፍ እንድል፣ እሱ እንደሚጨርስላቸው በለሆሳስ ነገረኝ። ያን ድምፁን የሚያወጣው ክኒኔን ሲሰጠኝ ነው። ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም።

አዛውንቱ በረጅሙ ተነፈሱ። አምስት ወር ሆናት አሉ። ለእኔ ትንፍሽ እንዳይሉ ወንድሜ ለምኗቸው፣ እሳቸውም እሺ ብለው ነበር የመጡት።

«ማንም አልነገረኝም» አልኩ።

«እኔ ነግሬሃለሁ።»

እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ለቅሶ ደርሶ እኔ ብቻ ስቀር፣ ቤተሰቦቹ ደብቀውት ይሆናል ብለው በሦስተኛው ቀን ራሳቸው እቤቴ መጥተዋል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እንዴት እንደሞተች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጫውተውኛል። እኔም ፊቴን ከግድግዳው ሳልመልስ፣ እሺ፣ በሩን ዝጉልኝ ብያቸዋለሁ።

ድምፃቸውን ለማስታወስ ታገልኩ። ምንም የለም። በሩ ሲዘጋ ግን ትዝ ይለኛል። እፎይ ብዬ ነበር።

ታምሜ ነበር ልላቸው አሰብኩ። እሱንማ እሳቸውም ያውቁታል።

አዛውንቱ ወንድሜን፣ አንተ ወደ ሥራህ ሂድ አሉት። ከዚያ ቀና ብለው በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝ።

«ያኔ ታመህ ነበር፤ አልተቀየምኩህም» አሉ። «አሁን ግን ድኗል አሉኝ። ከዳንክ ቅያሜ አለኝ። የወለደችው ልጅ እንደሌላት ታውቃለህ፤ ልጄ የምትለው አንተን ነበር። አስከሬኗ ሊወጣ ሲል፣ ትንሽ ጠብቁ፣ እሱ ይደርሳል እያልኩ ሰው አስቁሜያለሁ።»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ።

ቀኝ ጉንጫቸው ላይ አረፋው ደርቋል። አዲስ መትቼ ቀባኋቸው። ምላጩን በፎጣ ጠረግሁ። እሳቸው ጭንቅላታቸውን መደገፊያው ላይ ጥለው፣ ጉሮሯቸውን ሰጥተውኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከተጨፈነው ዓይን ጫፍ አንዲት የእንባ ዘለላ ወረደች፤ ሌላዋ ተከተለቻት፤ አረፋውን እየሰነጠቁ ወደ አንገታቸው ወረዱ። እኔም ምላጩን አጥፌ፣ አልቅሰው እስኪያበቁ ድረስ አጠገባቸው ቆምኩ።