የወተት ስኳር

በግቢው ደንብ፣ በሁዳዴ የተከራይ ኩባያ ሁሉ ጠዋት ጠዋት በማሽን ይፈተሻል። የሻይ ስኳርና የወተት ስኳር ሞለኪውሎች በክብደት እኩል ናቸው፤ ማሽኑ ግን ሰባብሮ ከስብርባሪያቸው ይለያቸዋል።

«ወተት!» ብለው ጮኹ አከራይዋ እትዬ ዘርፌ። «ብታጥቢውስ፣ እኔን ልታታልዪ? ስሚ ማስተዋል፣ አርግዘሽ እንዳይሆን! ልጅ የሚያመጣ ተከራይ ዛሬውኑ ይወጣል።»

ጎረቤቶች ከየበራቸው ብቅ አሉ። ወተቱን ለማስተዋል ያዘዘላት ሐኪሟ ነው፤ ፅንሱ ከስቷል ብሏታል።

«ኧረ ምን እርግዝና እትዬ! ጾሙ ከብዶኝ ነው» አለች።

«ገዳፊ! እንግዲያው ኩባያሽ እስከ ፋሲካ በርሽ ላይ ይሰቀላል። ሰላም የሚልሽ እንዳይኖር!»

«ይሰቀል» አለች ማስተዋል። ሆዷን ሊዳብስ የሄደ እጇን መልሳ፣ ምስማሩን ራሷ አቀበለቻቸው።